ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ በዘጠኝ ኪሎ ሜትር

በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው የጎታቾቹ ጉልበትና የዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል። ከዚያ ወዲህም ጋይንትም፣ ስማዳም፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም በሐዲድ የሚሄድ ባቡር በደጃቸው አላዩም።

ባቡሩ የገባው በምሥራቅ በኩል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር።

ይህን መስመር አሳንሶ ቤቱ ውስጥ ማስኬድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከሒሳብ ጋር ይጋጠማል። በሰፊው የተለመደው የሞዴል ባቡር ከእውነተኛው በ87 እጥፍ ያንሳል። በዚህ ልክ የሐዲዱ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ግን 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል! ይህን የሚችል ሳሎን ስለሌለ አንድ ጣቢያ መርጦ መሥራት ግድ ነው። አዋሽን የሚያህል ምርጫ የለም።

ፍጥነትም ልክ አለው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሞዴሉ በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል። ጀማሪ ግን ሁልጊዜ ያስሮጠዋል።

በድሮው አሠራር መቆጣጠሪያው በሐዲዱ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ያደርግ ስለነበር፣ ባቡሩ ሲያዘግም መብራቱ ይደክማል፤ ሲቆም ይጠፋል። እንደ ጀርመኑ ማርክሊን ያሉ ኩባንያዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመጡት ዲጂታል አሠራር ይህን ለወጠው። ሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪኩ ሳይቀንስ ይቆያል፤ ትእዛዙ በዚያው በሐዲዱ በኮድ ይላካል። በባቡሩ ሆድ ያለችው ዲኮደር የምትባል ትንሽ ሰሌዳ በራሷ ቁጥር የተጠራችውን ትእዛዝ ብቻ ተቀብላ ሞተሩን ታዛለች፣ መብራቱን ታበራለች፣ ፉጨቱን ታሰማለች። ባለ ሁለት ሲሊንደር የእንፋሎት ባቡር ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጥሩ ዲኮደር ይህንንም ከፍጥነቱ ጋር ታስማማለች።

ታሪክ አዋቂው ሠሪ ግን የመብራቱን ቁልፍ ቶሎ አይነካም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉዞው ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። የ1910ሩን አዋሽ በእውነት ላሳይ ያለ ሰው ሲመሽ ባቡሩን አቁሞ ማሳደር አለበት።

የሚቸግረው ድምፁ ነው። በዲኮደር የሚጫነው ድምፅ በአብዛኛው ከእውነተኛ ባቡር የተቀዳ ሲሆን፣ ባለ አንድ ሜትሩ መስመር ግን ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪኩ ባቡር ተተክቷል። የድሮው ባቡር ፉጨት ያለበት ካሴት በቤታችሁ ካለ፣ ቴፑ ሳይበላሽ አስገልብጡት።