የአሮጌ ፎቶግራፍ ምስክርነት

በባሌ ደጋ፣ ከሮቤና ከጎባ ጀምሮ በሳነቴ አምባ ዙሪያ ባሉ ቤቶች፣ የአባትና የአያት ፎቶግራፍ በሣጥን ተቀምጦ ይገኛል። ከመካከላቸው አውሮፕላን የሚታይበት ከተገኘ «የጣሊያን ነው» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን በዚህ አገር ሰማይ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ጦርነቶች አልፈዋል። የመጀመሪያው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተጀመረው የጣሊያን ወረራ ነው። ሁለተኛው ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየው የባሌ ገበሬዎች አመፅ ሲሆን፣ ሦስተኛው በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው የሶማሊያ ጦርነት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ አንዱን አውሮፕላን በሌላው ስም መጥራት ቦምቡን የጣለውን ሰው መለወጥ ነው። ጄኔራል ዋቆ ጉቱን ከመሳሰሉ መሪዎች ጋር ስለ መሬትና ስለ ግብር በተነሡት ገበሬዎች ላይ አውሮፕላን የላከው የገዛ አገራቸው መንግሥት ነበር። ያንን ለጣሊያን ብንሰጠው የእነርሱን በደል እንሰውራለን። የጣሊያንን ግፍ ለሌላ ብንሰጥም እንደዚሁ ነው፤ የባሌው ገዢ ደጃዝማች በየነ መርዕድ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ተገድለዋልና።

ሐዲስ የተማረ ሰው የማጣራትን መንገድ ያውቀዋል። ዑለማዎች ዘገባውን ብቻ ሳይሆን ዘገባው የመጣበትን ሰንሰለትም ይመረምራሉ። በፎቶግራፍም የሚታየውንና የሚነገርለትን ለይቶ መያዝ ያሻል።

ከሚታየው እንጀምር፤ መጀመሪያ ሞተሩን እንቁጠር። ካፕሮኒ 133 የተባለው የጣሊያን ቦምብ ጣይ ሦስት ሞተር አለው፤ ክንፉ ከገላው በላይ ነው፤ ጎማውም አይታጠፍም። ሳቮያ ማርኬቲ 81 ደግሞ ሞተሩ ሦስት ሆኖ ክንፉ ከታች ነው። ሆኖም ሦስት ሞተር ያየ ሁሉ «ጣሊያን» እንዳይል፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ በዚያ ዘመን አንድ ባለ ሦስት ሞተር ዩንከርስ 52 ነበረው። የዚህኛው ገላ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸነሸነ በመሆኑ ይለያል። ጭራውም ይናገራል። በወረራው ጊዜ የጣሊያን አውሮፕላን ጭራ ላይ የባንዲራው ሦስት ቀለማት ቁልቁል ተቀብተው ነበር፤ ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ግን በምትካቸው ነጭ መስቀል መጣ። ቀለምን ስናነብ ግን እንጠንቀቅ፤ ቀይ ብርሃን የማይቀበለው የድሮ ፊልም ቀዩን ጥቁር አድርጎ ያሳያልና።

በሥዕሉ ላይ ያለው ጄት ከሆነ የጣሊያን ወረራ ጉዳይ እዚያው ያበቃል፤ በዚያ ጦርነት ጄት አልነበረም። አሜሪካ ሠራሹ ኤፍ 86 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይህን አውሮፕላን ሶማሊያ ከነበራት ሚግ 17 ጋር ማምታታት ቀላል ነው፤ ሁለቱም አየር የሚስቡት በአፍንጫቸው ሲሆን ክንፋቸውም ወደ ኋላ የተጣለ ነው። ልዩነቱ የኤፍ 86 የኋላ ትናንሽ ክንፎች ከገላው ላይ ሲወጡ፣ የሚጉ ግን ከቆመው ጭራ ወገብ ላይ መውጣታቸው ነው።

ባለ ሁለት ሞተር የጄት ቦምብ ጣዮችም እንዲሁ ናቸው። የኢትዮጵያው ካንቤራ ሞተሮቹ በክንፉ ውስጥ የተሰኩ ናቸው፤ የሶማሊያው ኢሉሺን 28 ግን ሞተሮቹ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለዋል፤ አፍንጫውም መስተዋት ነው። ሚግ 21 ሲሆን ቅርጹ ብቻ አይበቃም፤ ሶቭየት ኅብረት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያም ስለሰጠች በሁለቱም ወገን ነበረ። እዚህ ላይ የሚፈርደው ምልክቱ ነው፤ የኢትዮጵያው ባለ ሦስት ቀለም ክብ ሲሆን የሶማሊያው በሰማያዊ ላይ ነጭ ኮከብ ነው።

ደግሞም ሁሉም አውሮፕላን የጦር አይደለም። በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታ፣ መንገደኛም ወታደርም የሚያጓጉዝ አንድ ዓይነት ገላ ነበረው።

ወቅቱን ለማወቅ ጥላን እንመልከት። የዙህርንና የዐስርን ሰዓት በጥላ የለካ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በባሌ ምድር በታኅሣሥ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ግን ወደ ደቡብ ይወድቃል። በጎባ ሆነን ስናይ የሳነቴ አምባ በደቡብ ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የሚታወቅ ተራራ ካለ፣ የቀትር ጥላው የዓመቱን ወራት ይጠቁማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደሚነገረው እንመለስ። አውሮፕላኑን ለይተን ስናበቃ ታሪኩን ገና አላገኘነውም፤ ማን እንዳነሣው፣ ከየት እንደ መጣ፣ በዚያን ቀን ማን እንደሞተ ቆርቆሮውና ሞተሩ አይነግሩንም። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። ስለዚህ በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። የነገሩንን ከተናጋሪው ስም ጋር በተለየ ወረቀት እንጻፍ፤ በፎቶው ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ አንጻፍ፤ ቀለሙ ወደ ሥዕሉ ያልፋልና። እነርሱ ያሉትና ሥዕሉ የሚያሳየው ባይስማሙ ሁለቱንም እንደየመልካቸው እናስቀምጥ፤ የሚቀጥለው ትውልድ ይመዝነዋል። ምስክርነት አማና ነው።

ወላሁ አዕለም።