የኬርፊሊ ግንብና አረንጓዴዋ እመቤት

በዌልስ ካሉት ግንቦች ሁሉ ትልቁ የሆነው ኬርፊሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1268 በእንግሊዛዊው መስፍን በጊልበርት ደ ክሌር ተጀመረ። በ1270 የዌልሱ ልዑል ሊዌሊን አፕ ግሪፊድ ጅምሩን ቢያቃጥለውም ሥራው በዓመቱ ቀጠለ። በውኃ በተከበበው ቅጥር ላይ አረንጓዴ የለበሰች ሴት ሌሊት ሌሊት ትታያለች ይባላል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ይህች የጊልበርት ሚስት አሊስ ናት፤ ግሪፊድ የተባለ ዌልሳዊ መስፍን ወደደች፣ ባሏም ሰቀለው፣ እሷም መርዶውን ስትሰማ ክው ብላ ቀረች። መዛግብት ግን ይህን አይደግፉም፤ የአሊስ ደ ሉዚኛን ጋብቻ በ1285 በሕግ ፈረሰ፣ ጊልበርትም በ1290 የቀዳማዊ ኤድዋርድን ሴት ልጅ ጆአንን አገባ።

ታዲያ ነገሩ ባዶ ፈጠራ ነው የሚል ይኖራል። እንዲህ ማለት ግን ችኮላ ነው። ጊልበርት በ1267 የሴንጌኒዱን ባላባት ግሪፊድ አፕ ሪስን ይዞ አየርላንድ፣ ኪልኬኒ ውስጥ አሰረው፤ ግንቡም የቆመው ከእሱ በተወሰደው ምድር ነው። እርግጥ ግሪፊድ በዌልስ የተለመደ ስም ስለሆነ ስሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ተበዳዩ፣ በዳዩና ቦታው አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። አፈ ታሪኩ ስለ አሊስ ሕይወት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ስለ ርስት ነጠቃው ግን ሊደመጥ ይገባዋል።