ታይም ላፕስ በጠብታ

«ታይም ላፕስ»ን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ለማምጣት የሞከረ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው «ያለፈ ጊዜ»ን ነው። ይህ ደግሞ ወይ የሰዋስው ትምህርት ይመስላል፣ ወይ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት። ስለዚህ ቃሉን ትተን ካሜራው የሚሠራውን እንይ።

ቪዲዮ ማለት ተከታትለው የሚሮጡ ፎቶዎች ናቸው፤ ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን «ፍሬም» ይሉታል። ተራ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም ይነሳል፣ በሰከንድ 25 ይታያል። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ነገሩ የሚታየን በራሱ ፍጥነት ነው። አሁን የሚታይበትን ሳንነካ የሚነሳበትን ብቻ እንለውጥ።

የጤፍ ሊጥ ተቦክቶ፣ በግልጽ ዕቃ ተቀምጦ ሦስት ቀን ይቆያል እንበል። ለ10 ሰከንድ ቪዲዮ የሚያስፈልገን 250 ፍሬም ነው። ሦስቱን ቀን ለ250 ስናካፍል በየ17 ደቂቃው አንድ ፎቶ ይደርሰናል። ጠብ... ጠብ... ሲታይ ግን ሊጡ አረፋ ሲያወጣ፣ ውሃው ከላይ ሲያቆር ዓይናችን እያየ ያልቃል። ይህን «የጠብታ ቀረጻ» ብዬዋለሁ። እንግሊዛዊው ፐርሲ ስሚዝ በ1910 የአበቦችን አፈካክ ለሲኒማ ተመልካች ያሳየው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ያው ሊጥ ምጣድ ላይ ከዞረ በኋላ ደግሞ ዓይን የሚያወጣው በጥቂት ሰከንዶች ነው። እዚህ ጠብታ አይበቃም፤ ዶፍ ያስፈልጋል። በሰከንድ 100 ፍሬም አንስተን በ25 ብናሳየው ጊዜው አራት እጥፍ ይረዝማል፤ እያንዳንዷ ዓይን ስትፈነዳ ትታያለች። «ስሎው ሞሽን» የሚባለው ይህ ነው። አውስትሪያዊው የካቶሊክ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ አውጉስት ሙስገር የዚህን መሣሪያ ፓተንት ያወጣው በ1904 ነው። «የዶፍ ቀረጻ» የሚለው ስሜ ግን መልመዱን እጠራጠራለሁ፤ ተመልካቹ የሚያየው ዝግታን ነውና። የሠርግ ቀራጮቻችንም «ስሎው አድርገው» ብለው ጨርሰዋል።

ካምኮርደር ሲመርጡ ታዲያ ሁለቱ የሚጠይቁት ይለያያል። ለጠብታው የካሜራው ዋጋ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ሜኑው ውስጥ «ኢንተርቫል» የሚል መኖሩን፣ ብርሃኑና ፎከሱ በእጅ ተስተካክሎ መቆለፉን፣ ባትሪው ውስጡ እያለ ከሶኬት መሥራቱን ማረጋገጥ ይበቃል። የመጨረሻዋን አይናቁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ መብራት አንዴ ሳይጠፋ ይቀራል ብሎ የሚወራረድ ካለ እኔ የለሁበትም። ሲቀርጹም ካሜራውን ትሪፖድ ላይ ያስሩ፤ ብርሃኑ እንዳይለዋወጥ መጋረጃውን ዘግተው አንድ አምፖል ብቻ ይተዉ።

ገንዘብ የሚበላው ዶፉ ነው፤ ማታለያውም የበዛው እዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «240 ፍሬም» ተብሎ ተጽፎ፣ ያ ፍጥነት የሚገኘው በደበዘዘ ትንሽ ምስል ብቻ ሊሆን ይችላል። የሶኒ ሃንዲካም አንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ 3 ሰከንድ ብቻ በፍጥነት ቀርጸው ወደ 12 ሰከንድ ያረዝሙታል፤ ድምፅም የለውም። ለጎልፍ ምት ይበቃል፣ ለእስክስታ ግን ትከሻው ሳይሞቅ ያልቃል። ስለዚህ ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ በስንት ፍሬም፣ በምን ያህል የምስል ጥራት፣ ለስንት ሰከንድ?

ዶፍ ብርሃንም ይበላል። በሰከንድ 100 ሲነሳ እያንዳንዱ ፍሬም ከሰከንድ አንድ መቶኛ በላይ ብርሃን መቀበል አይችልም። ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ፦ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈካሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን አያየውም፤ በ120 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ግን ያየዋል፣ ምስሉም ይርገበገባል። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላኩ ካሜራዎች የተስተካከሉት ለዚያ አገር 60 ኸርዝ ስለሆነ ይህ ችግር የሚያጋጥመው በብዛት በእነሱ ነው። ሜኑው ከኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ የሚስማማው) የሚለወጥ ከሆነ 120ው ብዙውን ጊዜ 100 ይሆናል፤ መርገብገቡም ይጠፋል። የማይለወጥ ከሆነ ምጣዱን ወደ መስኮቱ ያስጠጉት።