ማስታመም (ሥር በሰደደ ሕመም)

ማስታመም የታመመን ሰው ከጎኑ ሆኖ መንከባከብ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ሰው አስታማሚ ይባላል። ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አልጋ ላይ ለዋለ ሕመምተኛ ነው። በዚህ መጣጥፍ ግን ቤተሰብና ወዳጅ እንደ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪና የኩላሊት ድክመት ላሉ ለዓመታት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚዘልቁ ሕመሞች የሚሰጡትን ድጋፍ ይመለከታል።

የእነዚህ ሕመሞች ክትትል በአብዛኛው የሚካሄደው በሆስፒታል ሳይሆን በቤት ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው፤ በየሦስት ወሩ ቀጠሮ ያለው የስኳር ሕመምተኛ ከሐኪሙ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ግን ተደምሮ ጥቂት ሰዓት ቢሆን ነው። በቀረው ጊዜ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው፣ ምግቡን የሚመርጠው፣ እግሩ መቁሰሉን የሚያየው ራሱ ወይም አብሮት የሚኖር ሰው ነው።

በቤት ውስጥ

የአስታማሚ ጥቅም ጎልቶ ከሚታይባቸው ሁኔታዎች አንዱ ኢንሱሊን በሚወስድ ሰው ላይ የሚከሰት የደም ስኳር መውረድ ነው። ሕመምተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዛባል፤ አንዳንዴም ይቆጣል። ማሰብ ስለሚያስቸግረው ምን እንደሆነ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ምልክቱን የሚያውቅ የቤት ሰው ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጦ ይሰጠዋል። ራሱን ከሳተ ግን ትን ሊለው ስለሚችል በአፉ ምንም ሳይጨመር ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅም በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱን እንዳይመታ መጠበቅና ሰዓት መያዝ ይበቃል። በአገራችን የተለመደው ክብሪት ማሽተት ግን በደግ ልብ የሚደረግ ቢሆንም ጥቅም የለውም።

ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊንን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማኖር በኢትዮጵያም በሱዳንም የታወቀ ዘዴ ነው። ውሃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ውስጡ ከክፍሉ አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል።

ምግብ ከሁሉ የሚከብድ ጉዳይ ነው። በአንድ ገበታ በሚበላበት ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ጨው የቀነሰ ወጥ መሥራት ወጪም ድካምም አለው፤ ሕመምተኛውንም ከገበታው ያርቀዋል። ስለዚህ የቤቱን ሁሉ ድስት መቀየር የተሻለ ይሠራል። ግብዣ ላይ ደግሞ «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርበው ጉርሻ አለ፤ እንግዳው ስኳር እንዳለበት አስቀድሞ ለአክባሪው በጆሮው የሚነግር ወዳጅ ብዙ ያግዛል። ጾምም እንዲሁ ነው። በእስልምና በረመዳን የታመመ ሰው እንዳይጾም ተፈቅዶለታል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስም ሕመምተኛ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ጾሙን ሊያቀል ይችላል። ሆኖም ብዙዎች ቤተሰቡ እየጾመ ብቻቸውን መብላት ይከብዳቸዋል።

በተለያዩ ማኅበረሰቦች

በጃፓን አረጋዊ ወላጅን ማስታመም ለረጅም ጊዜ የምራት ግዴታ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን፣ ከ40 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በሚከፈል መዋጮ፣ ይህን ሸክም በከፊል ወደ መንግሥት አዛውሯል። ቻይና በተቃራኒው በ2013 በሥራ ላይ የዋለ ሕግ አውጥታ ተለይተው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን በየጊዜው እንዲጠይቁ አዝዛለች።

በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር ከ2008 ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች እስከ ስድስት ሆነው ይቧደኑ ጀመር። በየወሩ አንዱ በተራው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመረመራል፣ ለሌሎቹም መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ተራው እንግዳ አይሆንበትም። በዚምባብዌ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» አያቶች ሠልጥነው ጭንቀትና ድብርት ያለበትን ሰው ከጤና ጣቢያ ደጅ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ሲመጡ እምብዛም ያልነበረው የስኳር በሽታ ከዓመታት በኋላ በግልጽ ጨምሯል። ዕብራይስጥ ቀድመው የለመዱት ልጆች ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆነው ሐኪም ዘንድ ይገባሉ። ነገር ግን እናት በልጇ አፍ የማትናገረው ሕመም አለ፤ ስለዚህ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይመረጣል።

ጉዳትና ሸክም

በ1979 በወጣ የካሊፎርኒያ አላሜዳ አውራጃ ጥናት ሊሳ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም ማኅበራዊ ትስስር የሌላቸው ሰዎች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ትስስራቸው ከጠነከረው ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይተዋል። ቅርበት ሁሉ ግን መድኃኒት አይደለም። በለንደን ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞችን ተከታትለው፣ ነቀፋና ቁጣ ወደበዛበት ቤት የተመለሱት ሕመሙ ይበልጥ እንደሚያገረሽባቸው አግኝተዋል። «ደግሞ በላህ?» እያሉ መቆጣጠርም የስኳር ሕመምተኛውን ተደብቆ ወደ መብላት ይገፋዋል።

አስታማሚውም ይደክማል። በአብዛኛው አገር ሥራው የሚወድቀው በሚስት፣ በሴት ልጅ ወይም በእህት ላይ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ እንደ ሥራም አይቆጠርም። ስቲቨን ዛሪትና ባልደረቦቹ በ1980 ያዘጋጁት የአስታማሚ ሸክም መጠይቅ ገንዘብና የራስ ጊዜ ማጣትን የመሰሉ ነገሮችን በቁጥር እንዲለኩ አድርጓል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ምግብ የሚያመላልሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚዞረውና ሌሊት ወለል ላይ የሚያድረው ዘመድ ብዙውን ጊዜ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ስሙ እንኳ አይጻፍም።