የቆጡን አወርድ ብላ፤ እቴጌ መነንና የደምቢያ ግዛት

ወደ ሽማግሌና ወደ ዳኛ የሚቀርበው የቤተ ዘመድ ጠብ አብዛኛው ከመሬትና ከገንዘብ የሚነሣ መሆኑ የታወቀ ነው። ጠቡ በተራ ሰው ቤት ሲነሣ የሚፈርሰው አንድ ጎጆ ነው፤ በገዥዎች ቤት ሲነሣ ግን አገር ያናውጣል። ለዚህም የደብረ ታቦር ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

ደብረ ታቦርን መናገሻ ያደረጉት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ዓሊ በ1823 ዓ. ም. ገና በልጅነታቸው ራስ ሲሆኑ፤ ሥልጣኑን በእጃቸው የያዙት እናታቸው ወይዘሮ መነን ሊበን ነበሩ። ኋላም ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብተው እቴጌ ተባሉ። ይህም ሁሉ አልበቃቸውም። ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ከጣና በስተሰሜን ያለውን ለም አገር፤ ደምቢያን፤ በእጃቸው አደረጉ። የክንፉ ዘመድ የቋራው ካሣ ኃይሉ ግን «የወገኖቼ ግዛት ነው» ብለው ሸፈቱ።

ካሣን በዝምድና ለማሰር የራስ ዓሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ተዳረችላቸው። ስለዚህ እቴጌይቱ ለካሣ የሚስት አያት ሆኑ። ጋብቻው ተፈጸመ፤ ደምቢያ ግን አልተመለሰም። ቅሬታው ሳይሽር የተደገሰ ሠርግ ዕርቅ ሊሆን አይችልምና፤ ካሣ እንደገና ሸፍተው ደምቢያን ዘረፉ፤ በ1839 ዓ. ም. ጎንደርን ያዙ። እቴጌይቱ ራሳቸው ጦር መርተው ቢዘምቱ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ቆስለው ተማረኩ። ራስ ዓሊም እናታቸውን ለማስለቀቅ ከጣና በስተሰሜንና በስተምዕራብ ያለውን አገር ለካሣ ለቀቁ። በፍቅር ያልተሰጠው ደምቢያ የእናት ቤዛ ሆኖ ተሰጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሰኔ 1845 ዓ. ም. በአይሻል ጦርነት ራስ ዓሊ ድል ሆነው ሸሹ፤ የየጁዎች የበላይነትም አከተመ። በ1847 ዓ. ም. ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ደብረ ታቦርም የእርሳቸው መናገሻ ሆነች። ወይዘሮ ተዋበች በአባትዋና በባልዋ ጠብ መካከል ለባልዋ ታማኝ ሆና ኖረች።

በዚህ ሁሉ መካከል የተዘረፈው ጎተራ የእቴጌይቱም የካሣም አልነበረም፤ የደምቢያ ባላገር ነበር። ወታደር ቀለቡን ከገበሬ ቤት በሚያወጣበት በዚያ ዘመን፤ የዘመዳሞች ጠብ ዕዳው የሚከፈለው በሌላ ሰው እህል ነው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለእቴጌ መነን ቤት የተነገረ ይመስላል። ስለዚህ አንድ የዘመድ ድርሻ በእጃችን ሲገኝ፤ በፈቃድ ብንመልሰው ዝምድናው ይተርፈናል፤ በግድ ሲወሰድብን ግን የራሳችንንም ይዞ ይሄዳል።