በኮባ ስለሚጋገረው የጎጃም ድፎ ዳቦ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ለም አገር በየጓሮው አጥር ሥር ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ የሚቆመውን ኮባ፣ ማለትም እንሰት፣ ያየ መንገደኛ፣ ባለቤቱ ግንዱን ፍቆ እንደ ጉራጌና እንደ ሲዳማ ሰው ቆጮ እንደማያደርገው በሰማ ጊዜ፣ እንግዲያ ስለ ምን ተክሎ ያሳድገዋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለ ድፎ ዳቦ ነው።

ጥንት ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ሊያይ ወደ ግሽ ዓባይ በመጣ ጊዜ፣ በሜጫ ምድር ሰፊ የእንሰት ተክል እንደ ነበረና በዚያ የሠፈሩት ኦሮሞዎች ከሌላው መብል ሁሉ አብልጠው እርሱን ይመገቡ እንደ ነበር ጽፎ፣ የተክሉንም ሥዕል በመጽሐፉ አኑሯል። ከዚያ ወዲህ ጤፉና ስንዴው፣ በቆሎውና ዳጉሳው ማእዱን ሲወርሱት፣ እንሰት ሹመቱን አጥቶ በግብር ቤት ደጅ እንደ ቀረ ባላባት፣ ከመብልነት ወርዶ የመብል መጠቅለያ ሆነ።

በበዓል ዋዜማ ባልቴቷ ከሁሉ አስቀድማ ቅጠሉን በነበልባል ላይ እያሳለፈች ትለበልበዋለች፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ወፍራሙን የመካከል አጥንት በቢላዋ ልጣ ካወጣች በኋላ፣ ጫፉ ከምጣዱ ዙሪያ እንዲተርፍ አድርጋ አመሳቅላ ታነጥፈዋለች፤ ጥቁር አዝሙድና ድምብላል ገብቶበት በእርሾ የተቦካውን የስንዴ ሊጥ ትገለብጥበትና የተረፈውን ጫፍ መልሳ ታለብሰዋለች፤ በላዩም ሌላ ምጣድ ደፍታ ፍም ትከምርበታለች። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት ሆኖ የበሰለው ዳቦ ሲወጣ የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይታያል፤ ይህን ማኅተም የሌለውን ዳቦ የጎጃም ሽማግሌ በጥርጣሬ ቢመለከተው አልፈርድበትም።

ቅቤና እንቁላል ስለማይገባበት ለጾምም ለፍስክም የተገባ ነው፤ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ካህኑ ጸሎት አድርሶ ሳይባርከው ማንም አይቆርሰውም።

በሌላ አገር ደግሞ መጠቅለያው ራሱ ሊጥ የሆነ መብል አለ። በቪየና ከተማ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1696 በእጅ የተጻፈ የስትሩደል አሠራር ይገኛል፤ ከኦቶማን ቱርኮች የስስ ሊጥ ጥበብ ጋር ዝምድና እንዳለው የሚነገርለት ይህ መብል፣ ሊጡ በጠረጴዛ ልብስ ላይ በእጅ ጀርባ እየተሳበ ከበታቹ ያለ ጽሕፈት እስኪነበብ ድረስ ሳስቶ፣ ፖምና ዘቢብ ተጠቅልሎበት የሚጋገር ነው። በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች የምናውቀው ባቅላባም የዚያው የስስ ሊጥ ዘመድ ነው። የጎጃሟ ባልቴት ግን ልብሱን ከጓሮዋ ቆርጣ ስለምታመጣ ሊጥ በማሳሳት አልደከመችም።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በቡሬ በኩል አልፈው፣ ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ ፍኖተ ሰላም ብለው ከሰየሟት ወዲህ፣ ከተሞቹ በመንገዱ ዳር እያደጉ ሲሄዱ፣ በፉርኖ የሚጋገረው ትንሹ ዳቦ የሻይ ቤቱን ገበታ ያዘ፤ ማኅበሩንና ሰንበቴውን ግን ሊወስድ አልቻለም። ጓሮ የሌለው የከተማ ሰው ለበዓል ቅጠሉን ከገበያ ይገዛል፤ ሲታጣም በሙዝ ቅጠል ይተካዋል፣ ምንም እንኳ የሙዙ ሽታ የኮባውን ያህል ዳቦው ውስጥ ባይገባ።