በመስኮት የታየ እሳት

አንባቢ ሆይ! ተረት ከምድጃ ዳር ተነሥቶ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍም ወደ ፊልም የሚሻገር ይመስልሃል። በሌላው ዓለም ባመዛኙ እንዲያ ነው። የእኛ ተረት ግን መጽሐፉን ዘልሎ ነው ቴሌቪዥን ውስጥ የገባው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በአንድ ቡና ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ፣ በይፋት ቆላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጣሊያን የበሳውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ ነው የሚደርስባት። ሙቀቱ ሲብስ ማታ ማታ ደጅ እንቀመጥ ነበር። አያቴ ተረት የሚነግሩንም ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የምወደው የዚያን ሎሌ ተረት ነበር። ከጌታው ተወራርዶ ሌሊቱን ራቁቱን ተራራ ላይ ያድራል፤ አንድ ብልህ ሽማግሌ ከማዶ እሳት ያነዱለታል፤ እሱም እሳቱን እያየ ይነጋለታል። ጌታው ግን «እሳት ሞቀሃልና ውርርዱን ተረትተሃል» ብሎ ይክደዋል። ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ታዲያ ሽማግሌው ግብዣ ደግሰው ጌቶቹን ይጠራሉ፤ የወጡን ሽታ እያሸተቱ ምግብ ሳይቀርብላቸው ይቆያሉ። ከሩቅ የታየ እሳት ካሞቀ፣ ከሩቅ የሸተተ ወጥ ለምን አያጠግብም?

የአያቴ ተራራ ጣርማ በር ነበር። ለቆላ ልጅ ብርድን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ደጋው ዘርግተው «ያውልህ፣ እዚያ ላይ!» ይሉኛል። እኔም በላብ ተነክሬ እንቀጠቀጥ ነበር።

ካደግሁ በኋላ ይኸው ተረት በመጽሐፍ ገጠመኝ። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ ተራራው ሱሉልታ ሆኗል። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ በልጅነቷ ማጂ የኖረችው ጄን ከርትዝ ለሕፃናት ጻፈችው፤ ኢ. ቢ. ሉዊስ የተባለው ሠዓሊ በውኃ ቀለም ሣለው። ሥዕሉ ያማረ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቅር አለኝ። ተራራዬን የወሰዱብኝ መሰለኝ።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቡና ቤቱ ሻይ ያላዘዘ ልጅ አያስገባም፤ እኛም ከውጭ ሆነን እንጋፋለን። አማርኛ እንደ እኔ የሚቀናውም፣ ቤቱ አርጎብኛ ወይም አፋርኛ የሚናገረውም ልጅ አንድ መስኮት ላይ ነው። ከመስተዋቱ ወዲያ አባባ ተስፋዬ ልጆች ሰብስበው ይተርካሉ።

ተስፋዬ ሣህሉ አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተውነዋል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ የልጆች ጊዜን ይዘው ብቅ አሉ፤ ከ40 ዓመት በላይም ቆዩበት። ተረቶቻቸው በመጽሐፍ የወጡት በኋላ ነው። መጽሐፉ የፊልሙ አባት መሆኑ ቀርቶ ልጁ ሆነ ማለት ነው። ያረፉት በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው።

የእሳቸው አንበሳ በሥዕል አይታይም። ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ቀሪውን ልጁ ይሥላል። የእኔ አንበሳ የሚኖረው ሮቢ ወንዝ ዳር ነበር። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲሄድ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ሥዕሉ አስቀድሞ ስላለ ፊልም ሠሪው የሚጨምረው ይፈልጋል። ሬይመንድ ብሪግስ በ1978 እ.ኤ.አ. ያለ አንድ ቃል፣ በሥዕል ብቻ ያሳተመው የበረዶው ሰውዬ ታሪክ ከአራት ዓመት በኋላ ፊልም ሲሆን፣ በመጽሐፉ ያልነበሩት የገና አባት ገቡበት። የሞሪስ ሴንዳክ የ1963ቱ መጽሐፍ ደግሞ ከጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አያልፍም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ወደ ሲኒማ ሲሄድ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሆነ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። እኛ ዘንድ የሚጨመርበት ሥዕል ራሱ አልነበረም ለማለት ነው እንጂ።

ሥዕሉ ዘግይቶ መጣ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከነሥዕሉ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ፀሐይ የተባለችውን ቀጭኔ አሻንጉሊት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረቡ፤ የፀሐይ ድምፅ የብሩክታዊት የራሷ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አገኘች። የፀሐይ መጻሕፍትም እንደ አባባ ተስፋዬ ተረቶች ከቴሌቪዥኑ በኋላ ነው የተከተሉት። ከአማርኛ ሌላ በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ለመናገር ግን ዓመታት ፈጀባት። እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ እነዚያ የመስኮት ጓደኞቼ ናቸው፤ እጃችንን አይተው ይስቁ የነበሩት፣ የተረቱ ጨዋታ እኛ ዘንድ ደርሶ እነሱ ዘንድ እስኪደርስ።

ባለፈው ሮቢት በሄድሁ ጊዜ ለእህቴ ልጅ የሎሌውን ተረት በደጅ ነገርሁት። በስልኩ ሥዕሉን እንዳሳየው ጠየቀኝ። የለኝም አልሁት።

«ተራራውስ የቱ ነው?» አለኝ።

እጄን ወደ ጣርማ በር ዘረጋሁ። ከላይ፣ በጨለማው ውስጥ፣ አንድ ብርሃን ብልጭ አለ።

«እሳቱ ነው፣ ጋሼ?»

«የጭነት መኪና ነው» ልለው አፌን ከፈትሁና ተውሁት።